ውርጭና የኮረንቲ መኪና

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተሰማ ንግግር



ትምህርት ቤታችን የተቋቋመበትን ቀን ለማክበር በተሰበሰብንበት በዚህ ሰዓት እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ምስጋናችን ከልብ ነው። በእንዲህ ያለ በዓል ላይ የሚቆም ተማሪ ብዙውን ጊዜ የትምህርትን ጥቅም በጠቅላላው ይናገርና በጭብጨባ ይቀመጣል። እኛ ግን ተመካክረን፥ ትምህርትን ከማመስገን ይልቅ በአንድ ነገር ላይ ሲሠራ ብናሳይ ይሻላል ብለን ወሰንን። የመረጥነውም ነገር ውርጭና የኮረንቲ መኪና ባትሪ ነው።

ከላላ ላይ ቆሞ ስለ ኮረንቲ መኪና መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ላልተወለደ ልጅ ስም እንደ ማውጣት ሊመስላችሁ ይችላል። ይሁን እንጂ ልጁ ከተፀነሰ ቆይቷል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኮረንቲ ከሚሠራው በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ለሕዝብ አስታወቀ። መሠረቱ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጣለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ኃይሉም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እንግዲህ ከእኛ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች፥ ወንጪትም ቢሆን ጃማ፥ ወለቃም ቢሆን በሽሎ፥ ሁሉም ዓባይ ውስጥ ገብተው ወደዚያ ግድብ የሚሄዱ ናቸው። በጓሮአችን የዘነበው ዝናብ ቁልቁል ወርዶ ኮረንቲ ሆኖ በሽቦ ይመለሳል ማለት ነው። የኮረንቲ መኪና ዛሬ በአዲስ አበባ ጎዳና ላይ ብርቅ አይደለም፤ ነገ ወደ ደጋችን መውጣቱ አይቀርም።

ይህ ወሬ በተነሣ ቁጥር ከታላላቆቻችን የምንሰማው አንድ አነጋገር አለ። «ይህ መኪና ለከተማና ለቆላ ነው፤ የእኛን ውርጭ አይችልም፤ ብርድ ባትሪን ይገድላል» ይባላል። አነጋገሩ ባዶ ወሬ አይደለም፤ ግማሹ እውነት ነው። ነገር ግን ግማሽ እውነት ይዞ መቀመጥ ወይ መልካሙን ነገር ያስጥላል፥ ወይ ባለማወቅ አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ሌላውን ግማሽ እንፈልግ ብለን ተነሣን። ያገኘነውም በአጭሩ ይህ ነው፤ ብርድ ባትሪን ያደክመዋል እንጂ አይገድለውም፤ የሚገድለው በበረደበት ሰዓት ኃይል መሙላት ነው። ይህን አንድ ነገር የሚያውቅ ሰው ውርጩን አይፈራም።

አስቀድመን ስለ ውርጩ እንናገር። የአየር ሙቀት ከፍታው በጨመረ ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በአማካይ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል። እንግዲህ 2,000 ሜትር የሚበላለጡ ሁለት ቦታዎች ቢኖሩ በመካከላቸው የ13 ዲግሪ ልዩነት አለ። ከደሴ ተነሥቶ በለጋምቦ ደጋ አልፎ መካነ ሰላም የሚገባ፥ ከዚያም ወደ ጎጃም ለመሻገር ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ መንገደኛ በጧት በርኖሱን ደርቦ ይነሣና ከሰዓት በኋላ ሸሚዙ ይከብደዋል። ባትሪውም በዚያው በአንድ ቀን ሁለቱን አገር ያያል።

ውርጭ የሚወድቀው ደግሞ በክረምት ሳይሆን ሰማዩ በሚጠራበት ጊዜ፥ ከጥቅምት እስከ ጥር ባሉት ወራት ነው። ምክንያቱም ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ሌሊት ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ሲኖር እንደ ጋቢ ሆኖ ሙቀቷን ይይዝላታል፤ ደመና በሌለበት ሌሊት ግን ራቁቷን ታድራለች። ብርድ የያዘው አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይፈስሳል። ስለዚህም አመዳዩ ከተረተሩ ይልቅ በረባዳው ላይ አብዝቶ ነጭቶ ይገኛል። ገብስ የዘራ አባት ይህን ከእኛ በፊት ያውቃል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ ግን ውርጩ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠፋል። ይህን ነገር በልባችሁ ያዙልን፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ደግሞ ወደ ባትሪው እንለፍ። የመጀመሪያውን ባትሪ የሠራው ኢጣሊያዊው አሌሳንድሮ ቮልታ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1800 ነው። በ1859 ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ ተመልሶ የሚሞላውን የእርሳስና የአሲድ ባትሪ አወጣ፤ ይህም እስከ ዛሬ በየመኪናው ሞተር ማስነሻ ሆኖ ይኖራል። የኮረንቲ መኪና የሚሄድበት የሊቲየም ባትሪ ግን የቅርብ ጊዜ ሥራ ነው። ለገበያ የወጣው በ1991 ሲሆን፥ መንገዱን የጠረጉት ሦስት ሊቃውንት፥ ጆን ጉድኢናፍ፥ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ፥ በ2019 የኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ጉድኢናፍ ሽልማቱን ሲያገኙ ዕድሜያቸው 97 ዓመት ነበር። ስለዚህ በፈተና አንድ ጊዜ የወደቀ ተማሪ ጊዜ አለፈብኝ ብሎ ተስፋ አይቍረጥ።

የሊቲየም ባትሪ አሠራር ከሩቅ የተወሳሰበ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት ግን ሁለት ቤትና በመካከላቸው ያለ መንገድ ነው። በአንደኛው ቤት ግራፋይት አለ፤ ይኸውም በእርሳሳችን ውስጥ ያለው ጥቁር ነገር ነው። በሁለተኛው ቤት ብረትንና ፎስፌትን ወይም ሌሎች ማዕድናትን የያዘ ውሑድ አለ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ፈሳሽ ነው። መኪናው ሲሄድ አዮን የሚባሉት የሊቲየም ቅንጣቶች ከግራፋይቱ ወጥተው በፈሳሹ ውስጥ ወደ ሁለተኛው ቤት ይሻገራሉ። ኃይል ሲሞላ ደግሞ በመጡበት መንገድ ተመልሰው ግራፋይቱ ውስጥ ይገባሉ። ባትሪ ሞላ ማለት ቅንጣቶቹ ወደ ግራፋይቱ ገቡ ማለት ነው።

በብርድ ጊዜ ምን ይሆናል? እናቶቻችን ያውቁታል። በውርጭ ሰሞን ቡሖ ቶሎ አይነሣም፤ ማርም በዕቃው ውስጥ ይጠጥራል። የኬሚካል ሥራ ሁሉ በብርድ ይዘገያል፥ ፈሳሽም ይወፍራል። በባትሪው ውስጥ ያለውም ፈሳሽ እንዲሁ ወፍሮ የቅንጣቶቹን መንገድ ያከብድባቸዋል። እረኛ በማለዳ ስልኩን ይዞ ሜዳ ሲወጣ ባትሪው ባንድ ጊዜ ወርዶ ጥፍት ይላል፤ ቤት ገብቶ ሲሞቅ ግን እንደገና ይነሣል። ኃይሉ አልጠፋም ነበር፤ መንገዱ ከብዶበት ነው። ከላይ ብርድ ባትሪን ያደክማል እንጂ አይገድልም ያልነው ይህን ነው።

መሙላት ግን ሌላ ነገር ነው። የክፍላችንን በር አስቡት። ደወል ሲደወል ተማሪው ሁሉ ወደ ክፍል ይገባል፤ በሩ ደኅና ከተከፈተ እያንዳንዱ ገብቶ በየወንበሩ ይቀመጣል። በሩ እኩሌታው ብቻ ተከፍቶ ከኋላ ዘበኛው ተማሪውን ሁሉ ቢነዳው ግን በረንዳው ላይ እየተጋፋና እየተደራረበ ይቀራል። የበረደ ግራፋይት በሩ እኩሌታው የተከፈተ ክፍል ነው። ኮረንቲው ቅንጣቶቹን ሲነዳቸው መግባት ስላቃታቸው በግራፋይቱ ፊት ላይ ተለጥፈው ወደ ሊቲየም ብረትነት ይለወጣሉ። ከዚህ የተለጠፈ ብረት አብዛኛው ተመልሶ ለሥራ አይውልም፤ ስለዚህ ባትሪው ይይዝ የነበረውን ኃይል ለዘለቄታው ያጣል። ከዚህም የሚከፋው፥ ብረቱ እንደ እሾህ እየሾለ አድጎ ሁለቱን ቤቶች የሚለየውን ስስ መጋረጃ ሊበሳ መቻሉ ነው። መጋረጃው ከተበሳ ሁለቱ ወገኖች ይገናኙና ባትሪው በውስጡ ይነድዳል። ለዚህ ነው የሊቲየም ባትሪ ሙቀቱ ከዜሮ ዲግሪ በታች ሳለ ኃይል አይሞላም የሚባለው።

ታዲያ በብርድ አገር እንዴት ይሞላል? መልሱ አስቀድሞ ማሞቅ ነው። በደኅና የተሠራ የኮረንቲ መኪና የባትሪውን ሙቀት የሚለካና የሚቈጣጠር የራሱ አእምሮ አለው። ባትሪው በርዶ ሳለ ሶኬት ላይ ቢሰካ ይህ አእምሮ ኮረንቲውን አስቀድሞ ለማሞቂያው ይሰጣል። ማሞቂያው ውሃ መሰል ፈሳሽ አሙቆ በባትሪው ዙሪያ ያዞረዋል። ባትሪው ሲሞቅ በጥቂቱ፥ ደኅና ሲሞቅ በብዙ መሙላት ይጀምራል። ስለዚህ አንድ ነጂ በውርጭ ጧት መኪናውን ሰክቶ ቆጣሪው እየዞረ የባትሪው ቍጥር ግን አልነሣ ቢለው መኪናው ተበላሸ ብሎ አይደንግጥ፤ ኮረንቲው ለጊዜው ማገዶ ሆኗል።

ይህ ማገዶ ምን ያህል እንደ ሆነ በክፍላችን በሰሌዳ ላይ አስልተነዋል። ባትሪው 300 ኪሎ ይመዝናል እንበል። አንድ ኪሎውን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ አንድ ኪሎ ጁል ያህል ይፈጃል። ከዜሮ ዲግሪ ወደ 15 ዲግሪ ለማድረስ 300 ጊዜ 15፥ ማለት 4,500 ኪሎ ጁል ያስፈልጋል። ይህም ለ3,600 ሲካፈል አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ከተራ ሶኬት 220 ቮልትና 10 አምፔር ብንወስድ 2,200 ዋት ነው፤ በመንገድ የሚባክነውን ሳንቈጥር ሥራው 34 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ባትሪው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ቢሆን ለማሞቂያ የሄደው ከመቶ ሁለት ተኩል ብቻ ነው። «ብርድ ይገድለዋል» የተባለለትን ነገር ለማዳን የሚበቃው ማገዶ እንግዲህ ይህን ያህል ነው።

በሌላው ዓለም የሆነውን ማየት ደግሞ ይጠቅማል። ኖርዌይ በሰሜን ዋልታ አጠገብ ያለች፥ ክረምቷ በበረዶ የተሸፈነ አገር ናት። ይሁን እንጂ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2024 በኖርዌይ ከተሸጡት አዳዲስ አውቶሞቢሎች ከመቶው 89 ያህሉ የኮረንቲ ነበሩ። ሕዝቡ መኪናውን በሌሊት በቤቱ ይሰካል፤ ከመነሣቱ በፊት ሳይነቅል ባትሪውንም ውስጡንም ከግድግዳው በሚመጣው ኮረንቲ ያሞቃል፤ ከዚያ በኋላ ይነሣል። በዚያው ዓመት በጥር ወር፥ የእኛው ሚኒስቴር ውሳኔውን ባስታወቀበት በዚያው ወር፥ በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ከዜሮ በታች ከ18 ዲግሪ የባሰ ብርድ ወረደ። ብዙ የኮረንቲ መኪኖችም በመሙያ ጣቢያው በር ላይ ተሰልፈው፥ አንዳንዶቹም ባትሪያቸው ባዶ ሆኖ ተገትረው ቀሩ። ብዙዎቹ ነጂዎች ወደ መሙያው የመጡት ባትሪያቸው በርዶ፥ ኃይሉም ተሟጥጦ ሳለ ነበር። ብርዱ ለሁለቱም አገር ብርድ ነው፤ የለያያቸው ልማድና ዝግጅት ነው። ብልህ ከሌላው ይማራል፥ ሞኝ በራሱ ይማራል ይባላልና እኛ ከሌላው እንማር።

አሁን ቅድም በልባችሁ ያዙልን ወዳልነው ነገር እንመለስ። በኖርዌይ ብርዱ ለሳምንታት አይለቅም። የእኛ ውርጭ ግን የሌሊት እንግዳ ነው፤ ማታ ይመጣል፥ ረፋድ ላይ ይሄዳል። ስለዚህ ለእኛ ትልቁ መድኃኒት ሰዓት ማወቅ ነው። በዚህ መሠረት ለነገዎቹ ነጂዎችና ባለቤቶች አምስት ምክር አዘጋጅተናል።

አንደኛ፥ መኪናው ማታ ከመንገድ እንደ ገባ ይሰካ። ሲሠራ የዋለ ባትሪ ሙቅ ነው፤ በመቶ ኪሎ የሚመዘን ከባድ ዕቃ ስለሆነም ለመብረድ ብዙ ሰዓት ይፈጅበታል። ስለዚህ ውርጩ ሳይወድቅ ሥራው ያልቃል። ማታ መብራት ከጠፋ ወይም መኪናው ሳይሞላ ካደረ ፀሐይ ወጥታ እስክታሞቀው መታገሥ ይሻላል። ጧት በ12 ሰዓት ተጣድፎ ፈጣን መሙያ ከመፈለግ በ4 ሰዓት በርጋታ መሙላት ባትሪውንም ገንዘቡንም ያድናል። ቆርበት እንኳ ከለፉት እንጂ ከጎተቱት አይለሰልስም።

ሁለተኛ፥ የማደሪያው ቦታ ይመረጥ። ብርድ አየር ወደ ረባዳ ይፈስሳል ብለናልና መኪናው በረባዳ ሜዳ ላይ አይደር። ጣራ ደግሞ፥ የሣርም ቢሆን የቆርቆሮ፥ በመኪናውና በጠራው ሰማይ መካከል ቆሞ የደመናን ሥራ ይሠራል። በግ ያለ በረት በውርጭ እንደማያድር ሁሉ የኮረንቲ መኪናም ዳስ ይሠራለት።

ሦስተኛ፥ ነጂው ጋቢውን አይጣል። ይህን ስንል ስትስቁ እናያለን፤ ነገሩ ግን የተመረመረ ነው። በነዳጅ መኪና ውስጥ የምንሞቀው ሞተሩ በሚያባክነው ትኵሳት ነው፤ የኮረንቲ ሞተር ግን እምብዛም ስለማያባክን ውስጡን የሚያሞቀው ከዚያው ከባትሪው ቀንሶ ነው። የአሜሪካ የአውቶሞቢል ማኅበር በአውሮፓ አቈጣጠር በ2019 አምስት የኮረንቲ መኪኖችን ከዜሮ በታች በ7 ዲግሪ ያህል ብርድ መርምሮ ነበር። ማሞቂያው ሳይከፈት የሚሄዱት መንገድ ከመቶ 12 ያህል ቀነሰ፤ ማሞቂያው ሲከፈት ግን ከመቶ 41 ያህል ቀነሰ። ከዚህ የምንረዳው መንገዱን የሚበላው ከብርዱ ይልቅ ማሞቂያው መሆኑን ነው። የወሎ ባናና ጋቢ ያለው ሰው እንግዲህ ብዙ ኪሎ ሜትር በትከሻው ላይ ይዟል።

አራተኛው ምክር የሕይወት ጉዳይ ስለሆነ በተለይ አድምጡን። የኮረንቲ መኪና ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ወደ ዲናሞነት ይለወጥና መኪናውን እየገታ ኮረንቲ ወደ ባትሪው ይመልሳል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። 2,000 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ የሚለቀው ጉልበት 5 ኪሎ ዋት ሰዓት ከግማሽ ያህል ነው፤ ከዚህም ብዙውን ክፍል መልሶ መያዝ ይቻላል። ለእኛ ሸለቆ ለሸለቆ ለተከፋፈለ አገር ይህ በረከት ነው። ነገር ግን ኮረንቲ ወደ ባትሪ መመለስ ማለት ያው መሙላት ማለት ነው። ባትሪው በርዶ ከሆነ ወይም ጢም ብሎ ሞልቶ ከሆነ የመኪናው አእምሮ አልቀበልም ይላል። ያን ጊዜ ሞተሩ እንደ ወትሮው አይገታም፤ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። በውርጭ ጧት ከደጋው ጫፍ ተነሥቶ ወደ ወንዙ የሚወርድ ነጂ ይህን ካላወቀ፥ ትናንት ከሰዓት በኋላ የገታው መኪና ዛሬ ሲፈስስበት ይደነግጣል። ስለዚህ ቁልቁለት ከፊቱ ያለ ሰው ባትሪውን እስከ አፉ አይሙላ፤ አስቀድሞም ያሙቀው፤ የመጀመሪያውንም ቁልቁለት በዝግታ ይውረድ።

አምስተኛው ምክር ዛሬውኑ በየቤታችን የሚያገለግል ነው፤ ይኸውም ስለ ትንንሾቹ ባትሪዎች ነው። የፀሐይ መብራት፥ የእጅ ባትሪ፥ ስልክና የኮረንቲ ሞተር ብስክሌት ብዙዎቹ በሊቲየም ባትሪ ይሠራሉ። ትንሽ ባትሪ ቶሎ ይበርዳል፤ አብዛኛውም የራሱ ማሞቂያ የለውም። ስለዚህ ማታ ወደ ቤት ይግባ፤ ውጭ ያደረ እንደ ሆነም ሳይሞቅ አይሞላ። ሲሞቅ ግን በቤቱ ሙቀት ቀስ ብሎ ይሙቅ እንጂ በምንም ምክንያት ወደ ምድጃና ወደ ፍም አይጠጋ፤ በፀሐይ ላይ ተሰጥቶም አይቃጠል። በሌላ የብርድ አገር የናፍጣ መኪና ነጂዎች ናፍጣው ሲረጋና ዘይቱ ሲወፍር ከሞተሩ ሥር እሳት ያነድዱ ነበር። ይህን ሰምቶ ከኮረንቲ መኪና ሥር ከሰል የሚያነድድ ሰው መኪናውንም ቤቱንም ያጣል። የአሲድ ባትሪ ያለውም ሰው ይህን ይወቅ፤ ሙሉ የሆነው ከዜሮ በታች እስከ 60 ዲግሪ ያህል አይረጋም፤ ባዶ የሆነው ግን ከዜሮ በታች በ7 ዲግሪ ያህል ረግቶ ሊሰነጠቅ ይችላል። የአሲድ ባትሪ ውርጭን የሚችለው ጠግቦ ሲያድር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህ ነው።

የተከበራችሁ እንግዶቻችን፤

ስለ ብርድ ይህን ያህል ከተናገርን ስለ ሙቀትም አንድ ቃል መናገር የፍርድ ነው። ባትሪን ቀስ በቀስ የሚያስረጀው ከብርድ ይልቅ ትኵሳት ነው። ቆላ ውስጥ በ40 ዲግሪ ፀሐይ ሲቆም የሚውል ባትሪ በቀዝቃዛ አገር ከሚኖረው ፈጥኖ ያረጃል። ሰውና ባትሪ የሚስማማቸው አየር ተመሳሳይ ነው፤ 20 ዲግሪ አካባቢ ለሁለቱም ምቹ ነው። የከላላ፥ የወግዲ፥ የቦረናና የለጋምቦ ደጋ ቀን ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንግዲህ «ይህ መኪና ለደጋ አይሆንም» የሚለው አነጋገር መገልበጥ ያለበት ይመስለናል። ደጋው ለባትሪ መልካም ቤት ነው፤ የሚያስጠነቅቀው ከሌሊቱ አጋማሽ እስከ ረፋድ ያለው ሰዓት ብቻ ነው።

እውነት ነው፤ የቀረን ነገር ብዙ ነው። ኮረንቲ ያልደረሰው ቀበሌ አለ፤ በደረሰውም መብራት ይጠፋል፤ መንገዱም ገና ብዙ ሥራ ይፈልጋል። እነዚህን ነገሮች ተማሪ ብቻውን አይፈታቸውም። ነገር ግን መኪናው ቀድሞ መጥቶ ዕውቀቱ ኋላ ቢመጣ ጉዳቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ አስቡት። ምጥ የያዛት እናት በኅዳር ሌሊት ወደ ሆስፒታል ስትወሰድ አምቡላንሱ የኮረንቲ ቢሆን፥ ባትሪው ማታ ተሞልቶና ጧት ሞቆ መገኘቱን የሚያረጋግጥ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው የሚወጣው ዛሬ በዚህ ግቢ ከተቀመጡት ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን መካከል ነው። መካኒክነት እጁ በግራሶ የተለወሰ ሰው ብቻ የሚሠራው ሥራ መሆኑ ቀርቷል፤ ኬሚስትሪ የሚያነብ መካኒክ የሚፈለግበት ዘመን መጥቷል።

ስለዚህ ሦስት ልመና አለን። ታናናሾቻችንን፥ በግቢያችን በጥላ ሥር አንድ ቴርሞሜትር ተሰቅሎ ከጥቅምት እስከ ጥር በየማለዳው ሙቀቱ በደብተር እንዲጻፍ እንለምናችኋለን። የአገሩን ውርጭ በቍጥር የሚያውቅ የአገሩ ልጅ ሊሆን ይገባል። መምህሮቻችንን፥ ባትሪ በሚማርበት ቀን የመጽሐፉ ሥዕል ብቻ ሳይሆን የተፈታ አሮጌ የአሲድ ባትሪ በጥንቃቄ እንዲያሳዩልን እንለምናለን፤ የሊቲየሙን ግን መፍታት አደገኛ ስለሆነ ማንም አይንካው። ወላጆቻችንን ደግሞ፥ ልጅ ከትምህርት ቤት መጥቶ «ይህ ባትሪ ሳይሞቅ አይሰካ» ቢላችሁ፥ ትናንት የተወለደ ምን ያውቃል ሳትሉ ምክንያቱን ጠይቁት። መልስ ከሰጠ መርቁት፤ ካልሰጠ ወደ እኛ መልሱት።

የእኛ ዘመን በዚህ ትምህርት ቤት እያለቀ ነው። ፈተናችንን ተቀብለን አንዳንዳችን ወደ ዩኒቨርሲቲ፥ አንዳንዳችን ወደ ሙያ ትምህርት፥ አንዳንዳችንም ወደ እርሻችን እንሄዳለን። በሄድንበት ሁሉ የምንይዘው ስንቅ ከዚህ የተቀበልነው ዕውቀት ነው፤ ብርድ ሲመጣም ይህ ስንቅ አይረጋብንም።

ትምህርት ቤታችን ለብዙ ዘመን ይኑር።